ድቤው የተኛበት ሠርግ

የልጅ ልጄ ሂክማ መስከረም እንደገባ ከባሕር ዳር መጥታ ጓዳዬን ስታጸዳ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታ ብታየው ድቤ ነው። አቧራውን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አድርጋ በጣቶቿ መታ አደረገችው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ቆዳው ላልቷል፤ የሰጣት ድምፅ እርጥብ ጆንያ ሲመታ የሚሰማ ዓይነት ነበር። "እማዬ፣ ይሄ ግን ይፈቀዳል?" አለችኝ። ልትዳር ነው። ስልኳ ላይ አንዱ አስተማሪ ይቻላል፣ ሌላው አይቻልም ሲል ሰምታ ግራ ገብቷታል። ድቤውን ተቀብያት ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ያረጀ ቆዳና ትንሽ የበርበሬ ሽታ አለው። በርበሬው ምናልባት እኔን ብቻ ይሆናል የሚሸተኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ቡሬ፣ ከገበያው በታች፣ ሸማኔዎች በሚበዙበት ሰፈር ነበር። አባቴም ሸማኔ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ አያ ኑሩ ይለዋል። ጠዋት የሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መርገጫውን መርገጥ ሲጀምር ቤቱ በሙሉ አብሮት የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር። ግራ፣ ቀኝ፤ መወርወሪያው ወዲህ፣ መወርወሪያው ወዲያ። በዚያው ልክ በአፉ መንዙማ ያንጎራጉራል። ክር ሲበጠስበት መንዙማውም ይበጠሳል፤ ክሩን ቋጥሮ ሲጨርስ ካቆመበት ቃል ላይ ይቀጥላል። እናቴ ማጀት ሆና መንዙማው ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋባት "ዛሬ ድሩ ክፉ ነው" ትል ነበር።

እኔ ጠዋት ቁርአን ቤት፣ ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ቁርአን ቤት የእንጨት ሉሃችንን ጉልበታችን ላይ አስደግፈን፣ እየተወዛወዝን በዜማ ቁርአን እንቀራለን። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ መዝሙር እንዘምራለን። ጥር ሲመጣ ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ይዳራሉ፤ ዘፈናቸው አጥር ተሻግሮ ይመጣል፤ እኛም ልጆቹ ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ተቀባይ እንሆናለን። ይህ ሁሉ ዜማ በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ ጠፋኝ። አንድ ቀን የመስጊዳችንን ኢማም፣ የእኛንም አስተማሪ ሼህ ያሲንን፣ ከእነዚህ ውስጥ የተከለከለው ዘፈን የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ልጆቹ ሳቁብኝ። እሳቸው አልሳቁም። "እንስራ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። "እንስራ ብርዝም ይይዛል፣ ጠላም ይይዛል። እኔ ከእንስራው ጋር ጠብ የለኝም፤ ምን እንደያዘ ግን እጠይቃለሁ። በይ ሉሁን ቀጥዪ።" ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ባዶውን እንስራ ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳምጥ ነበር።

ድቤው የእቴቴ ሀሊማ ነበር። እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይኖራት፣ ከቤታችን ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ትኖር ነበር። ጥጥ ትፈትላለች። ሰው የሚያውቃት ግን በፈትሏ አልነበረም። በቡሬ የእስላም ሰፈር ሙሽራን ከእናቷ ቤት የምታስወጣው እሷ ነበረች። ልማዱ እንዲህ ነው። ወንዶቹ ዳስ ውስጥ የጋብቻውን ውል፣ ኒካሁን፣ ሲያስሩ ሴቶቹ እቤት ሙሽራዪቱን ከብበው ይቀመጣሉ። ኒካሁ መታሰሩ ሲሰማ ድቤው ይነሳል፣ በነቢዩ ላይ ሶለዋት ይወርዳል፣ ለሙሽራዪቱ ምክሩ በዜማ ይነገራታል። ድቤ ሳይመታላት የወጣች ሙሽራ ተሰርቃ የሄደች ናት ይባል ነበር። ክራርና ማሲንቆ እኛ ቤት አይገቡም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ድቤ ደግሞ ይገባል፤ እሱንም ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

እቴቴ በሌላው ቀን ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። የወንድሟን ቤት እንዳታጣብብ ይመስል ማዕድ ላይ እንኳ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ሠርግ ሲሆን ግን ትልልቆቹ ሴቶች ከመሐል ተነስተው ቦታ ይለቁላታል። ድቤውን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ሥር አንዴ ቀስ ብላ ስትነካው ቤቱ ጸጥ ይላል። ልጅ ሆኜም ቢሆን ያቺ ሴትና የጓሮዋ ሴት አንድ መሆናቸው ይገርመኝ ነበር።

ጠያቂ የመጣው ታላቅ እህቴ ዘይነባ ስትታጭ ነው። ያጫት የፍኖተ ሰላሙ የበርበሬ ነጋዴ የሐጂ ሰይድ ልጅ ነበር። ልጁ ዝምተኛ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ፣ ለዘይነባ የሚሆን ልጅ ነው ተባለ። ሐጂ ሰይድ ራሳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በዚያ ዓመት ከመካ ተመልሰው ነበር። እዚያ ከተማሩ ሰዎች ጋር ተቀምጠው ሲሰሙ፣ እኛ ዲን፣ ሃይማኖት ብለን የያዝነው ብዙው ነገር ልማድ ሆኖ አገኙት። ልባቸው ደነገጠ መሰለኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሳለፉበትን ነገር በቀረው ጊዜ ለማጥራት የሚቸኩል ሰው ነበሩ። ሽማግሌ ላኩ። ሁሉ ነገር ተስማምቶኛል፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ኒካሁ ላይ ድቤ አይመታ አሉ።

አባቴ ሽማግሌዎቹን "እህቴን ሳልጠይቅ አልመልስም" ብሎ ሸኛቸው። በማግስቱ ሸማው ላይ ሲውል አላንጎራጎረም። ክር ግን አልተበጠሰም።

ነገሩን ያከበደው ድቤው ለዘይነባ ሠርግ ተብሎ ገና መታደሱ ነበር። የድሮው ቆዳ በመውሊድ ጊዜ ተቀዶ እቴቴ እኔን አስከትላ አቶ አለኸኝ ዘንድ ወስዳው ነበር። አቶ አለኸኝ ከወንዙ ዳር ቆዳ የሚያለፋ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ከበሮ የሚወጥር ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። ከእቴቴ ጋር አብሮ አደጎች ናቸው። ድቤውን እያገላበጠ "ለሙሽራ ነው ለመውሊድ?" አላት።

"ለሙሽራ። ለኑሩ ልጅ።"

"እንግዲያ የፍየል ነው የሚሻለው። የበሬ ቆዳ ሐዘን ያበዛል።" ከዚያ ደግሞ "አንቺ ሀሊማ፣ ስትመቺው ለእኔም ዱአ አድርጊልኝ" አላት።

"ላንተ የሚያስፈልገው ዱአ ረዥም ነው፤ ያንተ ቆዳ አይችለውም" አለችው።

አቶ አለኸኝ ሳቁን ሳይጨርስ የተቀደደውን ቆዳ መፍታት ጀመረ። ስንመለስ እቴቴ መንገዱን ሁሉ ፈገግ ብላ ነበር። ስንወስድ ከባድ የነበረው ድቤ ታድሶ ሲመለስ ቀለል ብሎ ነበር፤ በጣት ሲነካ ብቻውን የሚናገር።

ጉዳዩ በሽማግሌ የማያልቅ ሲሆን ሐጂ ሰይድ ራሳቸው ከፍኖተ ሰላም መጡ። ሼህ ያሲን ተጠሩ። ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ። እኔ እንደ ልጅነቴ የመጋረጃው ጫፍ ሥር ተቀመጥኩ፤ ሁለቱም ወገን ይታየኛል። ሐጂ ትልልቅ ሽማግሌዎች ባሉበት እንደሚገባው በጨዋ ቃል ተናገሩ። ዘፈንና ከበሮ ልብን ከአላህ ያዘናጋል፤ ኒካህ ዒባዳ ነው፣ አላህን ማምለክ ነው፤ ዒባዳን በጨዋታ አንጀምረው አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ሼህ ያሲን ጊዜ ወስደው መለሱ። ሐጂ ያሉትን የሚሉ ትልልቅ ዑለማዎች አሉ፤ ቃላቸው ይከበራል አሉ። የለም፣ የሠርግና የዒድ ቀን ለብቻው ነው፣ በነቢያችንም ዘመን በሠርግ ድቤ ተመትቷል የሚሉ ዑለማዎችም አሉ፤ የእነሱም ቃል ይከበራል አሉ። እሳቸው የያዙት የኋለኛውን እንደሆነ፣ የያዙትም በሦስት ነገር አጥረው መሆኑን ነገሩን። ቃሉ ንጹሕ ይሁን፣ ወንድና ሴት አይቀላቀል፣ ሶላት አይለፍ። "ኒካህ ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ድቤው ለሰፈሩ፣ ይቺ ልጅ በሐላል ሄደች እያለ ይመሰክራል" አሉ።

አባቴ ሊተነፍስ ነበር። ያኔ ሐጂ ቀና ብለው "መልካም። የድቤው ቆዳስ? የማን እርድ ነው?" አሉ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይኖርብኛል። በአገራችን ሥጋ ላይ ቀልድ የለም። እስላሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የእስላሙን እርድ አይቀምስም፤ የሚደግስ ሰው ለጎረቤቱ በጎረቤቱ እጅ ለብቻ ያሳርዳል፣ በዚህም ማንም ማንንም አይቀየምም። ቆዳውን ግን ከዚያ ቀን በፊት ያሰበው ሰው አልነበረም። የአቶ አለኸኝ ፍየል በማን እጅ እንደታረደ ሁሉም ወዲያው ገባው። አንዱ ሽማግሌ "አስተግፊሩላህ" አለ። የእናቴ እጅ ወደ አፏ ሄደ።

ከመጋረጃው ጀርባ የእቴቴ ሀሊማ ድምፅ ተሰማ። ጮክ አላለችም። "ሐጂ፣ ደጃፍ ላይ ያወለቁትን ጫማ ሲገዙ፣ የማን እርድ ነው ብለው ጠይቀዋል?"

ሁሉም ሰው ወደ ደጃፉ አየ። የሐጂ ጫማ ከሰፈሩ የጎማ ጫማዎች መሐል ብቻውን ያብረቀርቃል። ሼህ ያሲን ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ቆዳ ሲለፋ ይጠራል። ለጫማውም ለድቤውም አንድ ፍርድ ነው" አሉ። ወንዶቹ ሳቁ። አባቴም ሳይወድ ሳቀ።

ሐጂ አልሳቁም። ተነስተው "የሼሁን ቃል ሰምቻለሁ፤ አልከራከራቸውም። እኔ የምጠየቀው ግን በልቤ ነው። ልጄ ይግባ፤ ኒካሁም ይታሰር። ድቤው ሲነሳ እኔ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ" አሉ። ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

የሙሽራው አባት ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚታሰር ኒካህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አላስፈለገም። ዘይነባ ጥጥ ከምታባዝትበት አልተነሳችም፤ ግን እጇ ቆሟል። እናቴ እቴቴን "አፍሽን ብትይዢው ምን ነበረበት" አለቻት። እቴቴ ተነሳች። ወደ ጓሮዋ ስትሄድ ተከተልኳት። ድቤውን ከግድግዳው አወረደች፤ በነጠላዋ ጠቀለለችው፤ ከአልጋዋ ሥር አስገባችው።

"ሼሁ ፈቅደው የለም እንዴ?" አልኳት።

"ፈቅደዋል ፋጤ። አላዘዙም" አለችኝ። "ዘይነባ ደግሞ የምትኖረው ከሼሁ ጋር አይደለም።"

ከዚያ እንዝርቷን አንስታ መፍተል ጀመረች። እቴቴ ቀጭን ፈታይ ነበረች። ያን ቀን የፈተለችው ክር ግን ወፍራም ነበር፤ አባቴ በኋላ ለጋቢ አደረገው።

ሰፈሩ ወሬውን ወዲያው ሰማ። ውሃ ስንቀዳ ሴቶቹ ይነጋገሩ ነበር። በገዛ ወንድሟ ቤት፣ በወንድሟ ልጅ ሠርግ ድቤዋ ካልተመታ ከእንግዲህ ማን ይጠራታል፣ የሚጠራት ሰውም አማቶቹ ቢቆጡበትስ ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። በጓሮ የምትኖረው ሴት ብቻ ልትቀር ነበር።

የሠርጉ ቀን ሐጂ የሙሽራውን ወገን በበርበሬ መኪናቸው አሳፍረው መጡ። ጆንያው ወርዷል እንጂ በርበሬው አልወረደም ነበር። መኪናው ደጃችን ሲቆም ገና ሰው ሳይታይ ማስነጠስ ተሰማ። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ሚዜውም ያስነጥሳል፤ ሊቀበል የወጣውም ሰው ሲያቅፋቸው ያስነጥሳል። ሙሽራው ሰላምታ ሊሰጥ አፉን በከፈተ ቁጥር ያስነጥሰዋል። ሼህ ያሲን "አልሐምዱሊላህ እያላችሁ ግቡ፣ ያስነጠሰ ይመረቃል፤ የምርቃቱ ብዛት ለኒካሁ ጥሩ ነው" አሉ። ሐጂ ያን ጊዜ ፈገግ ያሉ ይመስለኛል።

ድቤ እንደማይመታ ተነግሯቸው ስለነበር ዳስ ገብተው ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። ኒካሁ ታሰረ። ሴቶቹ እቤት በጭብጨባ ሶለዋት ጀመሩ። እቴቴ ከመሐል አልተቀመጠችም፤ ከበሩ አጠገብ ጥግ ይዛለች፤ እንደ ሌሎቹ ታጨበጭባለች። ጭብጨባው አልገጠመም። አንዷ ስትፈጥን ሌላዋ ትዘገያለች፣ ዜማው መሐል ላይ ይወድቃል፣ ደግሞ ያነሱታል። ዘይነባ በሻሿ ሥር አቀርቅራለች።

ከሙሽራው ወገን የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ እመት ሸምሲያ የሚባሉ። የሐጂ ሰይድ እናት ናቸው። ከደምበጫ ገጠር ነው ያመጧቸው፤ በሁለት ሴት ተደግፈው ገብተው፣ ተቀምጠው፣ አስነጥሰው ሲጨርሱ ዙሪያቸውን አዩ።

"ምነው? ለቅሶ ነው ወይ ያመጣችሁኝ?" አሉ።

"ሠርግ ነው እመት" አለች እናቴ።

"ታዲያ ድቤው ታሟል?"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እቴቴ አዩ። እሷ በእንግዳ ፊት የእንግዳን ልጅ ስም ማንሳት አልፈለገችም። "ደክሞት ተኝቷል እመት" አለች።

አሮጊቷ ለአፍታ አዩአት። በእኛ አገር ሰው የተሸፈነ ነገር ሲነገረው መሸፈኛውን ሳይገልጥ ውስጡን ያያል። "የተኛ የሚነሳው የሚቀሰቅሰው ሲያገኝ ነው። አምጪው" አሉ።

እናቴ ጎንበስ ብላ "ሐጂ አይወዱም" ብላ በጆሯቸው ተናገረች።

"ሐጂ ማነው?"

"ልጅዎ ናቸዋ።"

"ሰይድ? እኔ ስወልደው ሐጂ አልነበረም።"

ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እቴቴ ስትነሳ አላየኋትም፤ ስትመለስ ግን ድቤው በክንዷ ላይ ነበር። ለአሮጊቷ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እመት ሸምሲያ ቆዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው "ፍየል" አሉ፤ ወደዱት። ከዚያ መቱት። የገጠር አመታት ነው፤ ከእኛው ይዘገያል፣ በመሐል ትንሽ ያርፋል። ሴቶቹ መጀመሪያ አልያዙትም። ሲይዙት ግን ጭብጨባው ሁሉ አንድ እጅ ሆነ።

እኔ ግን ድቤው ገና ሳይመታ ወደ ዳሱ ተልኬ ነበር፤ የመጀመሪያውን ምት የሰማሁት ከውጭ ነው። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ቀርቦ ስለነበር ለእንግዶቹ የውዱእ ውሃ እያዞርኩ ነበር። ድቤው ሲሰማ ዳሱ ዝም አለ። ሐጂ ሰይድ ተነሱ፤ ከዳሱ ወጡ፤ ከአጥሩ በር ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ አባቴን አየ። አባቴ መሬት መሬት አየ። ሼህ ያሲን በጣታቸው ጠቆሙኝና ማሰሮውን ይዤ ወደ ሐጂ ሄድኩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አፈሰስኩላቸው። ውሃው ሲያልቅ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ።

"ማናት የምትመታው?" አሉኝ።

"እናትዎ ናቸው።"

"አውቃለሁ" አሉ። "እጃቸውን አውቀዋለሁ።"

እንደገና አፈሰስኩላቸው። ፊታቸውን ታጠቡ። ታጥበው እንኳ ለረዥም ጊዜ ፊታቸውን በመዳፋቸው እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ "ክንዳቸውን ያማቸዋል። ድቤውን ለባለቤቷ ይስጧት በያቸው" አሉኝ። ልሄድ ስል ጠሩኝ። "እኔ እንዳልኩ እንዳትናገሪ።"

ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለ መልእክት ከባድ ነው። ቤት ገብቼ እመት ሸምሲያ ጆሮ ሥር ተንበረከክሁና "ክንድዎን እንዳያምዎ ድቤውን ለባለቤቷ ይስጡ ተብሏል" አልኳቸው። "ማን አለ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። አሮጊቷ የእጅጌዬን ጫፍ አዩት፤ ውሃ ነክቶታል። "ሐጂ አይደለም" አሉ ለሴቶቹ። "ሰይድ ነው ያለው።" ድቤውንም ለእቴቴ ሰጧት።

እቴቴ ሀሊማ ከጥጉ ተነሳች። ሴቶቹ ከመሐል ቦታ ለቀቁላት። ድቤውን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ሥር አንዴ ቀስ ብላ ነካችው፤ ቤቱም ጸጥ አለ። ያን ቀን ያወረደችውን ሁሉ አላስታውስም። ይቺን ግን አልረሳትም፤ ለዘይነባ ያወጣችላት ናት።

ያባት ቤትም ቤት ነው፣ ያማት ቤትም ቤት ነው፤
ሶለዋት ያልራቀው እሱ በረከት ነው።

ዘይነባ ያን ጊዜ ቀና አለች። ከዚያ በላይ ልናገርበት አልችልም።

አዛን ሲሰማ እቴቴ እጇን በዜማው መሐል አነሳችው። ሐጂ ገቡ፤ ከሁሉ ጋር ሰገዱ፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ በሉ። ስለ ድቤው ያን ቀን ምንም አልተናገሩም፤ ከዚያም በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ይፈቀዳል ብለው አያውቁም። ዘይነባ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ግን ለልጁ የልደት ድግስ፣ ለአቂቃው፣ የበርበሬ መኪናቸውን ቡሬ ድረስ ልከው ነበር። ሾፌሩ አባቴን "ሐጂ፣ እህትህን ከነዕቃዋ ላክልኝ ብለዋል" አለው። ዕቃው ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እቴቴ በነጠላ የተጠቀለለውን ዕቃዋን ታቅፋ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ እያስነጠሰች ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከደምበጫ እስከ መራዊ የሚጠራት አላጣችም።

ድቤውን ለእኔ ያወረሰችኝ እጅ አለሽ ብላ አይደለም። "አንቺ ቢያንስ መቼ ዝም እንደሚባል ታውቂያለሽ" ነው ያለችኝ።

ዛሬ በልጆቻችን ሠርግ ሁለት ዓይነት ነገር አያለሁ። በአንዱ ቤት ድምፅ ማጉያው የዳሱን ያህል ረዝሞ ቆሞ ሰው ከጎረቤቱ ጋር መነጋገር አቅቶት ይውላል። በሌላው ቤት ድቤም ጭብጨባም የለም፤ ከስልክ አንድ የማናውቀው ሰው ያዜማል፣ ሙሽራዪቱ ዝም ብላ ትወጣለች። በማንኛቸውም አልፈርድም፤ ዑለማ አይደለሁም። ሐጂ ሰይድም ልክ ነበሩ፣ ሼህ ያሲንም ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስል ሂክማ ትስቅብኛለች። የሚናፍቀኝ ድቤው ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ የማይስማሙ ሰዎች ጫማቸውን በአንድ ደጃፍ አውልቀው ነበር የሚከራከሩት። የሂክማ አስተማሪዎች አንዱ የሌላውን ደጃፍ አይቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። የሚከለክላት ሰው የእናቱን እጅ ከአጥር ውጭ ሆኖ ለይቶ ይወቅ አይወቅ፣ ስልኩ አይናገርም።

ሂክማ አሁንም መልስ እየጠበቀች ነበር። "የመስጊዳችሁን ኢማም ጠይቂ" አልኳት። "የሚሉሽንም ስሚ። ደግሞ የምትኖሪው ከማን ጋር እንደሆነ አትርሺ።"

"እነሱ ቤት ይህን ነገር አይወዱም መሰለኝ" አለች። "አባቱ ጥብቅ ናቸው።"

ድቤውን አገላብጬ አየሁት። አቶ አለኸኝ የሰፋበት ጠፍር አንድም ቦታ አልተፈታም።

"የልጁ አያት በሕይወት አሉ?" አልኳት።

"የአባቱ እናት? አሉ፤ መራዊ ናቸው። ምነው?"

"እንግዲያ ድቤውን ፀሐይ ላይ አውጪው" አልኳት።